ምንጭ ጥቀሱ

ክላክስቪክ ዝናብ ይጥላል፤
ሰኞ የጀመረው ዛሬ ዓርብም አላባራ ብሏል።
ተራራው ከጫፍ እስከ እግሩ በፏፏቴ ተተልትሏል፣
የበጎቹ ፀጉር ከብዶ ሳሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

በዚህ ሁሉ ውሃ መሃል፣ ካፖርቷ ሳይደርቅላት፣
ሰሌዳው ስር ቆማ፣ ጃንጥላዋ እያንጠባጠበባት፣
መምህርት ማርዩን፦
"ማርስ ላይ ውሃ ፈልጉ" አለችን።
"የነበረ፣ የሄደ ውሃ፤ የሄደበትን መንገድ።
የሳተላይቱ ሥዕል ለሁሉ ክፍት ነው፣ አትከፍሉም ሳንቲም አንድ።
ደግሞ" አለች፣ ጠመኔዋን እንደ ዱላ አንስታ፣
"ምንጭ ጥቀሱ! ምንጭ የሌለው ጽሑፍ ይመለሳል ለጌታው፣ ለጌታ!"

ባርዱር ሳቀ። በኛም ቋንቋ ምንጭ ሁለት ነው፦
አንደኛው ከድንጋይ ስር የሚፈልቀው፣
ሁለተኛው በገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው።
"የማርስ ምንጭ ደርቆ የለ? ምኑን ነው የምንጠቅሰው?"

ማታ ወጥ ቤት ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣
አንዱን ሥዕል አስመጣሁት ቁጥሩን ብቻ መርጬ።
ኢንተርኔቱ በዝናብ ቀን ሽማግሌ ነው፣
ዳገቱን እያረፈ ነው የሚወጣው።
ከላይ ወደ ታች፣ ስንዝር በስንዝር ሲዘረጋ
ቀይ አፈር፣ ቀይ ገደል፣ ደግሞ ቀይ ሜዳ፣
እግር ያልረገጠው፣ ደጅ የሌለው ጓዳ።

ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ሳያውቁ ካነበቡ፣
ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል፤ ዓይን ያታልላል ልቡን።
ሁለት ምሽት ሙሉ ጉብታ ብዬ የቆጠርኩት
አርባ ሦስት ጉድጓድ ነበር።
ሰረዝኩት።

ወንዝ አላገኘሁም። ያገኘሁት
ገደሉ ጎን ላይ አንድ ቀጭን ጭረት፣
ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ እንደ ልብስ ስፌት፣
ጫፉ ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ።
"የውሃ መንገድ ነው!" ብዬ ለባርዱር ላክሁት።
"ትል ነው" አለ። ዘጋሁት።

አባቴ የገባው ያኔ ነው። ቤይኒር፣ የመንገድ ሠራተኛ፤
ናዳ ሲወርድ የሚጠሩት እሱን ነው፣ እኛ ስንተኛ።
በትከሻዬ በኩል አጎነበሰ፤
ከጢሙ የወረደው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።
"ድንጋይ ነው" አለ። "ከዚህ ተነቀለ፣ እይ።
እዚህ ነጠረ፣ እዚህም። እዚህ ጋ አፈሩ ልል ነው፣ ሰምጧል፣ አይደለም ወይ?
እዚህ በጎኑ ዞረ፣ ደከመው፣ ቆመ።"
ጣቱ እዚያች ጥቁር ፍሬ ላይ ቆመ።
"የቱ ጋ ነው? የቪዳሬይዲ መንገድ ላይ?"
"ማርስ ላይ።"

ዝም አለ። ጓንቱን አወለቀ፣ በዝግታ፣ አንዱን ብቻ።
"ታዲያ" አለ፣
"ማን ያነሳዋል?"

ሌሊቱን ጻፍኩ። "ውሃ አላገኘሁም" ብዬ ጀመርኩ።
ድንጋዩ የነጠረበትን አሥራ ዘጠኝ ቦታ ቆጠርኩ፤
አባቴ ሃያ ነው ይላል፣ አንዷን በጥላው ምክንያት ተጠራጠርኩ።
በገጹ ግርጌ ምንጭ ስጠቅስ፣
መጀመሪያ የሥዕሉን ቁጥር፣ የተነሳበትን ቀን፤
ከዚያ በታች፦
ቤይኒር፤ የሃያ ስድስት ዓመት ናዳ፤
በቃል የተነገረ፤ ካፖርቱ ሳይደርቅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ማታ።

ማክሰኞ ወረቀቱ ተመለሰ። ከአባቴ ስም ጎን፣
በቀይ እስክሪብቶ፣
"ገጽ ስንት?" ይላል። ሌላ እርማት የለውም።

የዚያን ለት ሌሊት ስልኩ ጮኸ፤
ሰሜን ባለው ዋሻ አፍ ላይ ናዳ ወርዷል።
የአባቴ ቦት ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ፣
የመኪናው መብራት ጣራዬን አቋርጦ ሄደ።
እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሥዕሉን ከፈትኩት።
ድንጋዩ እዚያው ነው።
የሚደውል የለም።